ነጠላው፣ መስኮቱና ርካሿ ካሜራ

እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ሳሎን፣ ዕድሜ የጠገበ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፊት ሦስት ወንበር ተደርድሯል። ስክሪኑ አናት ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዌብካም ተቀምጣለች፤ መቆንጠጫዋ ስለላላ በፕላስተር ተጠፍራለች። የቤቱ እመቤት የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው መሐለኛው ወንበር ላይ ተሰይመዋል። ልጃቸውን የሚያዩዋት በሳምንት አንዴ ነውና ለዚህ ሰዓት የክት ልብስ ይወጣል። የልጅ ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ማውዙን ያንቀሳቅሳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ገና ረፋድ ነው። የሰዓቱ ልዩነት አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 ነው፤ አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ባዛወሩ ቁጥር የጉለሌው ቤተሰብ አንድ እሑድ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቆያል። ዛሬ ግን ተገጣጥሟል። ጥሪው ይጮሃል፣ ምስሉ ይከፈታል።

«እማዬ፣ ፊትሽ እኮ አይታየኝም! ጠቆርሽብኝ።»

«ምነው፣ ከሳሁ እንዴ?» ይላሉ እናት ደንገጥ ብለው።

አልከሱም። ከጀርባቸው ሰፊ መስኮት አለ፣ የማታው ፀሐይም በእሱ በኩል ይገባል። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ነው። ራስና ትከሻቸው ላይ ያለው ነጠላም ነጭ ነው። ካሜራዋ ደግሞ ፊት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የምታውቀው ብርሃንን ብቻ ነው። ከፊቷ ያለውን ሁሉ በአማካይ ትለካና «በዛ» ወይም «አነሰ» ብላ ትፈርዳለች። መስኮቱን፣ ኖራውንና ነጠላውን ደምራ «በዛ» ስትል ብርሃን የምትቀበልበትን ጊዜ ታሳጥራለች። ነጩ ነገር ሁሉ ልክ ሆኖ ይታያል። ዕዳውን የሚከፍለው በመሐሉ ያለው ጠይም ፊት ብቻ ነው፤ ዓይኑም አፍንጫውም በጥላ ይዋጣል።

ቤተሰቡ አዲስ ካሜራ ለመግዛት አስቦ ነበር። ከአሜሪካ ይላክ፣ ከመርካቶ ይገዛ የሚለው ክርክር ሳይቋጭ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ የሰፈር ልጅ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ችግሩን ሰማ። ካሜራዋን አገላብጦ አየና «እሷ ደህና ናት፤ የተበላሸው ጠረጴዛው ነው» አለ። ጠረጴዛው ተነሥቶ በመስኮቱ ሥር ተደረገ፤ ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከበስተጀርባ ያለው ኖራ ግድግዳ ላይ ቡናማ ምንጣፍ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ካሜራ ግዢ ያነሣ የለም።

የቤት ውስጥ ቪዲዮ ጥሪን ጉዳይ ባየሁት ቁጥር ወደዚህ ጠረጴዛ እመለሳለሁ። ሰው ገንዘቡንም ወቀሳውንም የሚጭነው ካሜራው ላይ ነው። ምስሉን የሚሠራው ግን በአብዛኛው ቤቱ ነው፦ መስኮቱ፣ አምፖሉ፣ መጋረጃው፣ በክፍሉ ውስጥ የበራው ቴሌቪዥን። ርካሽ ካሜራ ይህንን ስለማትደብቅ እንጂ ውዷም ብትሆን ሙሉ በሙሉ አታመልጠውም።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሁለት የሥራ ባልደረቦች፣ አንድ ጥቁርና አንዲት ነጭ፣ ፊትን ተከትሎ ይዞራል የተባለለትን የኤችፒ ኮምፒውተር ካሜራ ሲሞክሩ የቀረጹት ቪዲዮ በዩቲዩብ ዓለምን አዳርሷል። ካሜራው ነጯን እየተከተለ ይዞራል፤ ጥቁሩ ሲቀርብ ደርቆ ይቀራል። ኩባንያው በሰጠው ማብራሪያ ሶፍትዌሩ በዓይንና በጉንጭ መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት እንደሚለካ፣ ከፊት በቂ ብርሃን ከሌለ ሊቸገር እንደሚችል ገለጸ። መልሱ በቴክኒክ ትክክል ነው። ግን መሣሪያው ሲሞከር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የነበረው ማን እንደሆነም ይናገራል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የፊልም ፎቶግራፍ ዘመን ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ለአሥርት ዓመታት በነጭ ሴት ምስል ነበር። እኛ ያደግንባቸው የቡድን ፎቶዎች ላይ ከኋላ የቆሙት ሰዎች ጥርስ ብቻ ሆነው የቀሩት በከንቱ አይደለም።

ማታ ሲሆን የብርሃኑ ነገር ይገለበጣል። ብርሃን ሲያንስ ካሜራዋ እያንዳንዱን ምስል ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ አለባት። በሰከንድ 30 ምስል ለማንሣት ለአንዱ ያላት ጊዜ ቢበዛ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ነው። በአንዲት ደካማ አምፖል ሥር ይህ አይበቃትምና ወደ አንድ አሥረኛ ታሳድገዋለች፤ 30 የነበረው ምስል 10 ይሆናል። ሰው እጁን ሲያወዛውዝ እጁ ይለጠጣል፣ ጭንቅላት ሲነቃነቅ ይደበዝዛል። ያኔ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኔትወርኩ ነው» ይላል።

ኔትወርኩ ይሁን አይሁን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የራስህን ምስል የምታይባትን ትንሽ ሳጥን ተመልከት። እዚያ ያለው ምስል ከካሜራው ወደ ኮምፒውተሩ በገመድ የመጣ እንጂ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ አይደለም። እሱም የሚጎተት ከሆነ ቴሌን አትውቀስ፤ መብራት ጨምር። የሳጥኑ ምስል ጥርት ብሎ እየሄደ ማዶ ያለው ሰው «ቆምክብኝ» ካለህ ግን ጥፋቱ የመስመሩ ነው።

ሌላም የመብራት ጣጣ አለ። ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣች ካሜራ አዲስ አበባ ስትሰካ አንዳንዴ ምስሉ ላይ አግድም ጥላዎች ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። የተበላሸ ነገር የለም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሎች፣ በተለይ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ፣ ዓይናችን ሳይለየው በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያም እንደዚያው። ካሜራዋ ለ60 ተስተካክላ ከመጣች ከእኛ አምፖል ጋር እርምጃዋ አይገጥምም። በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ፓወር ላይን ፍሪኩዌንሲ የሚል መስመር ይገኛል፤ 50 የሚለውን መምረጥ ነው። በዚህች ምክንያት ብቻ «አይሠራም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ካሜራ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ገበያው። ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ካሜራዎቹ በትንንሽ ካርቶን ተደርድረዋል። ካርቶኑ ላይ በደማቅ ቀለም «12 ሜጋፒክስል» ይላል። አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ በሐቀኝነት ይሁን በልማድ መለየት አይቻልም።

ቁጥሩን እንፍታው። ካሜራዋ ውስጥ ያለችው የምስል ቺፕ በጥቃቅን የብርሃን መቀበያ ነጥቦች የተሞላች ናት። በርካሾቹ ውስጥ የነጥቦቹ ብዛት በአግድም 640፣ በቁመት 480 ነው፤ ሲባዛ 307,200። ይህ የአንድ ሜጋፒክስል ሲሶ እንኳ አይሞላም። «12» የሚለው የመጣው ሶፍትዌሩ በነጥቦቹ መሐል ያለውን ክፍተት በግምት እየሞላ ትልቅ ፎቶ ስለሚያወጣ ነው። የተገመተ ነጥብ ደግሞ ምንም አዲስ ነገር አያሳይም። ኤችዲ የሚባለው 1280 በ720 እንኳ ሲሰላ 921,600 ነው፤ ገና አንድ ሚሊዮን አልደረሰም። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። ለቪዲዮ ጥሪ ሁለት ሜጋፒክስል ከበቂ በላይ ነው፤ 12 ብሎ የጻፈ ካርቶን የሚነግረን ነገር ቢኖር ጻፊው ለቁጥር ግድ እንደሌለው ነው።

ስለዚህ ካርቶኑን መተው፣ ካሜራዋን የሻጩ ላፕቶፕ ላይ ማሰካት ነው። የካሜራ ፕሮግራሙን ከፍቶ ማስተካከያው ውስጥ የቪዲዮው ትልቁ መጠን ስንት እንደሆነ ማየት። ሁለተኛው ጥያቄ «ያለ ሲዲ ይሠራል?» የሚለው ነው። ድሮ እያንዳንዱ ካሜራ ከራሱ ሲዲ ጋር ይመጣ ነበር፤ ሲዲው ሲጠፋ ካሜራውም አለቀለት። እ.ኤ.አ. በ2003 አምራቾች ለዩኤስቢ ካሜራ አንድ የጋራ ደንብ ካወጡ በኋላ ግን ደንቡን የጠበቀ ካሜራ እንደተሰካ ይታወቃል። ያልጠበቁት ዛሬም ገበያ ውስጥ አሉ።

በሌንሱ ዙሪያ «ለሌሊት» እየተባሉ የሚደረደሩትን ትንንሽ ኤልኢዲ መብራቶች በተመለከተ፦ አትክፈልባቸው። ብርሃናቸው አንድ ክንድ አይሄድም፤ መነጽር ላይ ግን በደንብ ያብለጨልጫሉ።

የሌንሱ ቀለበትም አለ። ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ራሳቸው አጥርተው አያዩም፤ ሌንሱ በእጅ የሚዞር ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሳሳተ ቦታ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን የሚዞር መሆኑን ስለማያውቅ ለዓመታት በብዥታ ያወራል። ጋዜጣ ሰው በሚቀመጥበት ርቀት ላይ ይዞ፣ ርዕሱ እስኪነበብ ቀለበቱን በቀስታ ማዞር ይበቃል። ከዚያ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይገባል፤ ልጆች ባሉበት ቤት የብዥታው ግማሽ የጣት ቅባት ነው።

የዚህች መሣሪያ ትውልድ ለቡና አገር ሰው የሚጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎቹ የሚጋሩት አንድ የቡና ማፍያ ብቻ ነበር። ከሌላ ፎቅ ድረስ ወርዶ ባዶ ማሰሮ ማግኘት ሰለቻቸው። ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ ማፍያው ላይ ካሜራ ደገኑበት፤ 128 በ128 ነጥብ የሆነች ግራጫ ምስል በየጠረጴዛቸው ስክሪን ላይ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ትታደስ ጀመር። ቡናው ቶሎ ስለማይሞላ ያ ፍጥነት በቃ። በ1993 ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ወጣና ከዓለም ዙሪያ ሰው የእንግሊዝ ቡና መኖር አለመኖሩን መከታተል ያዘ። በነሐሴ 2001 ካሜራው ሲጠፋ ማፍያው በኢቤይ ጨረታ ቀርቦ የጀርመኑ ሽፒግል ኦንላይን በ3,350 ፓውንድ ገዛው። በመካከሉ፣ በ1994፣ ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ ክዊክካም የሚላትን ክብ ካሜራ በ100 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበ፤ ግራጫ ብቻ፣ 320 በ240። ካሜራ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሰው ቤት የገባው ያኔ ነው። በ1998 ሎጂቴክ የክዊክካምን ሥራ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ጠቀለለው።

ከሁሉም በፊት ግን ውድቀት ነበር። የአሜሪካው ኤቲኤንድቲ ፒክቸርፎን ብሎ የሰየመውን ባለ ምስል ስልክ እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርክ የዓለም ትርዒት አሳየ፤ በ1970 ፒትስበርግ ላይ ለገበያ አቀረበው። በወር 160 ዶላር፣ ለዚያውም ለ30 ደቂቃ ንግግር። ብዙም ፈላጊ አላገኘም። ዋጋው አንድ ምክንያት ነው፤ ማውራት የሚፈልጉት ሰው ያንኑ መሣሪያ አለመግዛቱ ሌላ። ሦስተኛውና እኔ ዋና ነው የምለው፣ ሰው ስልክ በተደወለለት ቁጥር መታየት አለመፈለጉ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እኛ ዘንድ ዌብካም መጀመሪያ የታየው ቤት ሳይሆን ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ነው። በቀጭን ጣውላ በተከፋፈሉ ጠባብ ክፍሎች፣ ያሁ ሜሴንጀር ተከፍቶ፣ ሒሳቡ በደቂቃ እየተቆጠረ፣ ከጎን ያለው ደንበኛ የቤተሰብህን ጉዳይ ሁሉ እየሰማ። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ቪዲዮ ሲጨምር ነገሩ ተሻሻለ። በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ሲወጣ «ስካይፕ ሊያሳስር ነው» የሚል ወሬ የውጭ መገናኛ ብዙኃንን ሞላ፤ መንግሥት አዋጁ የሚመለከተው ሕገ ወጥ የስልክ ጥሪ ንግድን እንጂ ከዘመዱ ጋር የሚያወራውን እንዳልሆነ አስተባበለ። ያም ሆኖ በዚያ ሰሞን በሹክሹክታ የሚያወራ ካፌ ደንበኛ ብዙ ነበር። ያሁ ሜሴንጀር እ.ኤ.አ. በ2018፣ ስካይፕ በግንቦት 2025 ተዘጉ። ካሜራዎቹ ከሁለቱም ተርፈዋል፤ ዛሬ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም፣ በዙም ላይ ይሠራሉ።

መስመሩ ላይ የሚሆነውን ማወቅ ደግሞ ብር ያድናል። ካሜራዋ የምታነሣው ጥሬ ምስል እጅግ ከባድ ነው፤ በ640 በ480፣ በሰከንድ 30 ምስል፣ ወደ 147 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳል። ይህን የሚሸከም የቤት ኢንተርኔት ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ምስሉ ከመላኩ በፊት ይጨመቃል፤ የመጨመቂያው ዘዴ ደግሞ በቀላሉ ሲነገር «ከቀድሞው ምስል የተለየውን ብቻ ላክ» ነው። ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው ከከንፈሩ በቀር ብዙ የሚለወጥ ነገር የለውም፤ በግማሽ ሜጋቢት ጥሩ ሆኖ ይታያል። ግማሽ ሰዓት በዚህ ልክ ማውራት በአንድ አቅጣጫ 112 ሜጋባይት ያህል፣ ደርሶ መልስ ከ220 በላይ ይበላል። ፓኬጅ ገዝቶ ለሚያወራ ይህ የሚሰማ ወጪ ነው።

አሁን ከጀርባ ያለውን አስቡ። የዳንቴል መጋረጃ በነፋስ ይወዛወዛል። ቴሌቪዥኑ ላይ እስክስታ ይወረዳል። ሕፃናት ይሯሯጣሉ። ለሶፍትዌሩ ይህ ሁሉ «የተለየ» ነው፤ ያቺን ጠባብ መስመር ለመጋረጃው፣ ለእስክስታውና ለእናትህ ፊት እኩል ያከፋፍላታል። ፊቱ የተሰባበረ ሸክላ ዓይነት ሲሆን ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ካሜራ ከመቀየር ይበልጣል። የምስሉን መጠን ዝቅ ማድረግም እንዲሁ። አነስተኛ ሆኖ የማይቆራረጥ ምስል፣ ትልቅ ሆኖ ከሚደርቅ ይሻላል።

ከምስልም በፊት ግን ድምፅ። ፊቱ የቆመ ሰው ድምፁ ከተሰማ ወሬው ይቀጥላል፤ ድምፁ የጠፋ ሰው ፊቱ ጥርት ቢል ምን ይረባል? የርካሽ ካሜራ ማይክ ከአፍ አንድ ሜትር ርቆ የተሰቀለ ስለሆነ የመንገዱን ታክሲ፣ የጎረቤቱን ዶሮ፣ የደጀ ሰላሙን ድምፅ ማጉያ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ አድርጎ ይሰበስባል። ከስፒከሩ የወጣውንም የማዶውን ሰው ንግግር መልሶ ይይዝና ለባለቤቱ ይልክለታል፤ «የራሴ ድምፅ እየተመለሰብኝ ነው» የሚባለው ይህ ነው። ማሚቶ የሰማው ሰው ራሱን ሊወቅስ አይገባም፤ ስፒከሩን መቀነስ ያለበት ወዲያ ማዶ ያለው ነው። ባለ ማይክ ማዳመጫ ችግሩን በአንድ ጊዜ ይፈታል። ግን አንድ ሰው ብቻ ይሰማና ሌላው «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል። የእኛ ቤት ጥሪ የቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ ስፒከሩን ከማይኩ አርቆ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ ካሜራዋን ወደ ሰዎቹ ማቅረብ ይሻላል። የዩኤስቢ ገመድ እስከ 5 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ ካሜራዋ የግድ ስክሪኑ አናት ላይ መቀመጥ የለባትም።

የጥሪው መዘግየት ደግሞ የሚታወቀው ምርቃት ላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀጥ ያለ ገመድ ቢኖር እንኳ 60 ሚሊሰከንድ ግድም ይፈጃል። እኛ ግን ባሕር በር ስለሌለን መረጃው መጀመሪያ በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር ወጥቶ የባሕር ውስጥ ገመድ ይይዛል፤ ከዚያ መጨመቁ፣ መፍታቱ፣ ሶፍትዌሩ ምስሉ እንዳይቆራረጥ ብሎ ጥቂት ማጠራቀሙ አለ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ንግግር ሳይደናቀፍ እንዲሄድ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳያልፍ ይመክራል። የእኛ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ አባት እጃቸውን ዘርግተው «ክፉ አይንካሽ» ሲሉ የልጅቱ «አሜን» የሚደርሰው «ዘርሽ ይባረክ» የሚለው ከተጀመረ በኋላ ነው። አሜኑ ምርቃቱ ላይ ይደረባል፣ አባት ያቆማሉ፣ እሷ «ቀጥል አባዬ» ትላለች፣ እሱም ዘግይቶ ይደርሳል። የለመዱ ሽማግሌዎች አሁን ከእያንዳንዱ ምርቃት በኋላ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ማንም አላስተማራቸውም።

መታየት አለመፈለግ ወዳልኩት ልመለስ። ስልክ በድምፅ ብቻ በነበረበት ጊዜ ሁለቱም ወገን የሚሸሽገውን ይሸሽግ ነበር። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ «ደህና ነኝ» ካለች ደህና ናት። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 የኢንተርኔት ጥሪ ላይ የነበረውን እገዳ ስታነሣ ምስል ተጨመረ። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ዛሬም ዝግ ነው፤ እዚያ ያሉት ፈቃድ ባላቸው እንደ ቦቲም ባሉ መተግበሪያዎች ያወራሉ። ምስሉ ሲመጣ ልጆቹ ሌላ ጥበብ ተማሩ፦ የሚቀመጡበትን ግድግዳ መምረጥ። የአሠሪ ሳሎን ጥግ፣ ጥሩ መጋረጃ ያለበት፣ ለ10 ደቂቃ ብቻ። የሚተኙበት ክፍል አይታይም። እናትም በበኩሏ የሚያፈሰውን ጣሪያ ካሜራዋ እንዳታገኘው ወንበሯን ታስጠጋለች። የርካሽ ካሜራ እይታ ጠባብ መሆኑ ለሁለቱም ወገን ጠቅሟል።

ሊሸሸግ ያልቻለው ሞት ነው። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ተረጂው ሥራ ሳይሄድ በሩ ይንኳኳል። ሰውየው ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ እዚያው ያሉ ወዳጆቹ ይፈለጋሉ፣ ይነገራቸዋል፣ ቀን ይቆረጣል። ይህ እስኪሰናዳ ሁለት ቀንም ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፤ በመሐሉ እሑድ ይገባል። ድሮ «አባትህ ተኝቷል፣ ቀስቅሼ አላስቸግረው» ማለት ይበቃ ነበር። አሁን «አሳዩኝ» ይመጣል። ያኔ ካሜራዋ ትበላሻለች። ወይም መብራት ይጠፋል። ወይም ኔትወርክ የለም ይባልና በድምፅ ብቻ፣ ያም አጠር ብሎ፣ ይወራል። አገሩ መብራትና ኔትወርክ በእርግጥም የሚጠፋበት ስለሆነ ሰበቡ ያስኬዳል፤ ውጭ ያለው ሰው ግን ውሎ አድሮ ይነቃል። «ካሜራው እንቢ አለ» የምትለዋን ቃል ሰምተው ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው ያልዞረ፣ ነገሩም የእውነት የካሜራ ብልሽት ሆኖ የተገኘላቸው ብዙ ናቸው። ይህን የሚያስተካክል ሶፍትዌር የለም፤ ወጉን ቀይሩ ለማለትም እኔ አልደፍርም። የልቅሶው ቀን ደግሞ ያቺው ካሜራ ድንኳን ውስጥ ወንበር ላይ ትቀመጥና ሩቅ ያለው ከለቀስተኛው ጋር ያለቅሳል።

ስለ ጥንቃቄ ባጭሩ። የኮምፒውተርን ካሜራ ከሩቅ የሚከፍቱ ቫይረሶች በእርግጥ አሉ፤ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2016 በታየ ፎቶ ላይ ካሜራው በፕላስተር ተሸፍኖ ነበር። በገመድ የምትሰካ ዌብካም ከላፕቶፕ ካሜራ የምትሻልበት አንዱ ነገር ይሄ ነው፤ ጥሪው ሲያልቅ ትነቀላለች። መኝታ ክፍል ያለ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ አትደር።

ስልክ ካሜራ በያዘበት ዘመን ይህ ሁሉ ለምን ይባላል? የስልክ ካሜራ ከርካሽ ዌብካም በጥራት ይበልጣል፤ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣና ዌብካም ከዓለም ገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሲሰቀል ብዙ ሰው ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፎ ተገላግሏል። ልዩነቱ የሚታየው ቤተሰብ ሲበዛ ነው። ስልክ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል፤ የያዘው ሰው ደግሞ አይታይም።

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቤት ውስጥ ስልኩን ሁልጊዜ የምትይዘው የቤቱ ትንሿ ልጅ ነበረች። ጂዳ ያለችው ታላቅ እህቷ እናቷን፣ አባቷን፣ ወንድሞቿን፣ ጎረቤቱን ሳይቀር እያየች ከርማ፣ የእሷን ድምፅ ብቻ ነበር የምትሰማው፦ «ቆይ ወደ እማዬ ላዙርልሽ።» ታኅሣሥ ላይ የአጎታቸው ልጅ አንዲት አሮጌ ዌብካም ይዞ መጣና መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ከላፕቶፕ ጋር አገናኛት። ትንሿ እጇ ነፃ ሆነና ቡና ልታፈላ ረከቦቱ ጋ ተቀመጠች። ጂዳ ያለችው ዝም ብላ አየቻትና ጮኸች።

«አንቺ! ፀጉርሽን መቼ ነው የተቆረጥሽው?»

«ውይ፣ እሱማ ፋሲካ ላይ ነው እኮ።»